ከሥር የመጣው ውኃ

ባለቤቴ የተቀበረ ዕለት አላለቀስሽም ይሉኛል። ማልቀሴንም አለማልቀሴንም አላስታውስም። የማስታውሰው አፈሩን ነው። ሁለቱ ቆፋሪዎች እየተፈራረቁ የሚያወጡት አፈር ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሲወድቅ እንደ ሌላ አፈር ዝም አላለም፤ ተንኳኳ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጠጠር አለበት። ያውም ክብ፣ ልሙጥ፣ የወንዝ ጠጠር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሽታው ወጣ፤ የረጠበ ድንጋይና የቀዘቀዘ አሸዋ ሽታ። ከዚያ በኋላ ከአፌ ምን እንደወጣ ያወቅሁት ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው።

«ወንድሜ፣ እዚህ በክረምት ከሥር ውኃ ይመጣል?» ብዬ ቆፋሪውን ጠይቄዋለሁ።

ሰውየው አካፋውን ተደግፎ ቀና አለ። «ምን አሉኝ፣ እናቴ?»

«ውኃ። ከሥር።»

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ክንዴን ያዘኝ። «በቃ፣ እታለም፣ በቃ፤ አይዞሽ» አለኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምስኪን፣ አእምሮዋን ነካው» ስትል ሰማሁ። ቆፋሪው ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

ልጆቼም ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አልጠየቁኝም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚናገረውን ማንም አይመረምርም። እኔ ግን አልቀባጠርኩም። ያንን ጥያቄ የተማርኩት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ኮልፌ ውስጥ፣ በአንድ ክረምት ነው። አሁን ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ።

ወላጆቼ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ሱቅ ነበራቸው። የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ አመረች ግን ከዚያ ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ፣ ኮረኮንቹም አልቆ፣ ከአንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ትኖር ነበር። ወንዝ እንበለው እንጂ በበጋ እኔ እንኳ ዘልዬ የምሻገረው ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ባሏ ጋሼ ወልዴ ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ልብሴን በፌስታል ቋጠረና «ክረምቱን እቴቴ ጋ ትከርሚያለሽ፤ ቤቱ እንዳይከብዳት» አለኝ። በእኛ ቤተሰብ እንዲህ ይደረጋል። ሐዘንተኛ ብቻውን ሲቀር ልጅ ይሰጠዋል። ልጁ የሚጠበቅበት ነገር የለም፤ ቤት ውስጥ ቢንጫጫ፣ ሳህን ቢሰብር፣ ራበኝ ቢል በቂ ነው። ይህንን ማንም ስላላስረዳኝ፣ ቤቱ እላይዋ ሊወድቅ መስሎኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የጭቃውን ግድግዳ በእጄ እየገፋሁ መጠንከሩን ስፈትሽ ዋልኩ።

ከቤቱ ጀርባ መሬቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ላይኛው ግቢ መረሬ ነው፤ በበጋ እርሳስ የሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። አንድ ሜትር ያህል ወርደን ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ግን ሌላ አገር ነው። ላዩ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጥቁር አሸዋማ አፈር፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ሥር ደግሞ የበለጠ ጠጠር።

እዚያ ታች አንድ ጉብታ አየሁ። ርዝመቱ የሰው ያህል ነው። በደረቀ ኮባና በአፈር ተሸፍኖ በላዩ ላይ ትላልቅ ድንጋዮች ተደርድረውበታል። እቴቴ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ጠዋትና ማታ እየወረደች አጠገቡ ትቀመጣለች። አንዳንዴ አንዱን ድንጋይ ታስተካክላለች፣ አንዳንዴ እጇን ታሳርፍበታለች።

«እቺን ቦታ እንዳትረግጫት» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ልጅ ቀብር አይሄድም ተብሎ ጋሼ ወልዴ ሲቀበሩ ቤት ነበር የቀረሁት። አሁን የት እንዳሉ አወቅሁ።

ያኔ የማላውቀውን አሁን ልናገር። ከጉብታው ሥር ጉድጓድ ነበር፤ ውስጡ የነበረውም ቆጮ ነው። ጋሼ ወልዴ እኔ ከመወለዴ ትንሽ ቀደም ብሎ ከአገራቸው፣ ከጉራጌ፣ አምስት የእንሰት ችግኝ በአውቶቡስ ጭነው አምጥተው ወንዙ ዳር ተክለው ነበር። ጠጠር እንሰት አይወድም። ስለዚህ ከላይኛው ግቢ መረሬውን በጆንያ እየተሸከሙ አወረዱ፣ አመድና ፍግ ጨመሩበት፣ ከጠጠሩ ጋር አደባለቁት። በየክረምቱ ውኃው ግማሹን ያጥብባቸዋል፤ በየበጋው እንደገና ይሸከማሉ። «ሲደርሱ ለመስቀል እንበላቸዋለን» ይሉ ነበር አሉ። እንሰቶቹ የደረሱት እሳቸው በሞቱበት ዓመት ነው። እቴቴ ከዘመድ ሴቶች ጋር ሆና ነቀለቻቸው፣ ፋቀቻቸው፣ ጉድጓድ ቆፍራ በኮባ ካለበሰች በኋላ ቆጮው እዚያ ውስጥ ወራት ቆይቶ እንዲብላላ ከደነችው። ሐዘን ላይ ስለሆነች ለመስቀል አገር ቤት አትወርድም፤ ዘመዱ እሷ ቤት ሊውል ተነጋግሮ ነበር። ከጋሼ ወልዴ እጅ የሚበላው የመጨረሻ ነገር ያ ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላ የለም።

እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ ነኝ። ቆጮ የማውቀው ከገበያ በኮባ ተጠቅልሎ ሲመጣ ነው። ከመሬት ውስጥ እንደሚወጣ ማንም አልነገረኝም።

ሥራዬ ጠጠር መልቀም ነበር። እቴቴ ከጉብታው አጠገብ ያለውን ቁራሽ መሬት ጎመን ልታደርገው ፈልጋ ነበር። ባዶ የቲማቲም ጣሳ ሰጠችኝ። በየቀኑ ጣሳዬን እየሞላሁ ወንዙ ውስጥ እደፋለሁ። በማግስቱ ያንኑ ቦታ ሳየው እንደገና ጠጠር ነው። ዝናቡ ደቃቁን አፈር እያጠበ ከሥር ያለውን ወደ ላይ እንደሚያወጣው አልገባኝም። ጠጠር ይወለዳል ብዬ አመንኩ፤ ትንንሾቹን የትላልቆቹ ልጆች አደረግኋቸው። ስለዚህ እናቲቱን ሳይዙ ልጆቹን መልቀም ከንቱ ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ትልቅ ድንጋይ ስገፋ ዋልኩ። ከሥሩ አንድ የሴት ጫማ ሶልና የተሰበረ ጠርሙስ አገኘሁ።

ወንዙ የሸረሸረው የዳርቻው ግድግዳ ላይ ግን የማይሰለቸኝ ነገር ነበር። ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ በላዩ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ እንደገና ጠጠር፤ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ተነባበረ ልብስ። ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች ሁሉ አንገታቸውን ወደ አንድ በኩል ዘንበል አድርገው ተኝተዋል።

«ለምን ሁሉም ወደዚያ ዞሩ?» ብዬ የጎረቤታችንን ጋሽ ሽኩርን ጠየቅኋቸው።

«ውኃው አስተኝቷቸው ነው የሄደው» አሉኝ። «ድንጋይ ስታይ ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ ይነግርሻል። ከአክስትሽ ይልቅ ድንጋይ ይሰማል።»

ጋሽ ሽኩር ወሎዬ ናቸው፤ ከእኛ ቀጥሎ ባለው የወንዝ ዳር ሰላጣና ቆስጣ ያበቅላሉ። በበጋ ጠዋትና ከሰዓት በባልዲ ያጠጣሉ። ያም ሆኖ እኩለ ቀን ላይ ሰላጣው ይጠወልግባቸዋል። «ይሄ መሬት ውኃ ብትሰጪው አመሰግናለሁ እንኳ አይልም» ይሉ ነበር። ፍጉም ቢሆን አንድ ክረምት አይቆይላቸውም፤ ከውኃው ጋር ወደ ሥር ይሄዳል።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከአጥራቸው ማዶ ሆነው እቴቴን ተጣሩ።

«አመረች! ያ ነገር እስካሁን እዚያው ነው?»

«የት ይሄዳል?»

«አውጪው፣ ነሐሴ ሳይገባ። ነግሬሻለሁ።»

እኔ ጣሳዬን ይዤ ደነገጥኩ። ጋሼ ወልዴን ወዴት ነው የምታወጣቸው?

«አውጥቼ የት ላድርገው?» አለች እቴቴ። «ላይኛው መረሬ ውኃ ያቁራል። ይሄ እኮ አንድ ጠብታ አይዝም፤ ዘንቦ ሳይጨርስ ደርቆ ያገኙታል።»

«ሲጠጣ ነው ያየሽው። ሲተፋ አላየሽም።»

«መሬት ይተፋል እንዴ?»

«የናንተ አገር መሬት አይተፋ ይሆናል። ይሄኛው ወንፊት ነው። ወንፊት ከላይም ያሳልፋል፣ ከታችም ያሳልፋል።»

«እርስዎ ይልቅ ሰላጣዎን ከፍየል ይጠብቁ!»

«ፍየሏ እንኳ ከአንቺ ትሻላለች፤ እንቢ ብትል በዱላ እመልሳታለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወልዴ ቢኖር ይሰማኝ ነበር» አሉ።

ጋሽ ሽኩር ወዲያው «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ብለው ወደ ሰላጣቸው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ አንድ እቅፍ ቆስጣ አጥሩ ላይ ተቀምጦ አገኘን።

ያን ቀን እቴቴ ነገሩን ለራሷም ለእኔም ልታረጋግጥ ፈለገች መሰለኝ። ጠጠሩ ላይ አንድ ክንድ ያህል ጎድጓዳ ቆፍራ አንድ ጣሳ ውኃ አፈሰሰችበት።

«ቁጠሪ» አለችኝ።

ስምንት ስል ውኃው የለም። ወደ ላይኛው ግቢ ወጥተን መረሬው ላይም እንደዚያው አደረገች። መቶ ደረስኩ። ከመቶ በኋላ ያለውን ስለማላውቅ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ምሳ በልቼ ስመለስ ውኃው እዚያው ነው፤ አንዲት ትንኝ ተንሳፍፋበታለች።

«አየሽ?» አለች። «እዚህ ባደርገው ኖሮ ይዋኝ ነበር።»

ጋሼ ወልዴ መረሬ ውስጥ ሲዋኙ ታዩኝ። ጠጠር ውስጥ በመሆናቸው ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ እኔም እንደ እቴቴ መቀመጥ ጀመርኩ። ጋሼ ወልዴ ረጅም ሰው ነበሩ። ጉብታው ይበቃቸው እንደሆነ በእርምጃ ለካሁት፤ እግራቸውን ትንሽ ማጠፍ ሳይኖርባቸው አይቀርም። ወሬ እነግራቸው ነበር። ጋሽ ሽኩር ፍየል እንዳባረሩ፣ ሱቃችን አዲስ ሚዛን እንደገዛ፣ ሁለተኛ ክፍል ልገባ እንደሆነ። እቴቴ ማታ ማታ ሁለት ሰው የሚጠጣበት ሻይ አፍልታ አንዱን ብርጭቆ ሳይነካ እንደምታቀዘቅዘው ግን አልነገርኳቸውም፤ ያሳዝናቸዋል ብዬ ነው።

አንድ ጠዋት ዝናቡ በርዶ ቀላቅሎ ወረደ። የማገዶውን ፕላስቲክ ሸራ ጎትቼ አወረድኩና ጉብታውን አለበስኩት፤ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዝኩት። እቴቴ ከዝናቡ በኋላ ወርዳ አየችው።

«አንቺ ነሽ?»

«ዝናብ ነዋ» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጭንቅላቴን ሳመችኝ። «ተባረኪ። የወልዴን ነገር እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው አገኘሁ» አለች። ሁለታችንም በየራሳችን ሐሳብ ተደስተን ቁርስ በላን።

ቡሄ ካለፈ በኋላ በአንድ ከሰዓት፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ለክረምት የማይጠበቅ ደማቅ ፀሐይ። እቴቴ ላይ ግቢ ልብስ ታጥባለች። እኔ ጉብታው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ወንዙ በሚመጣበት፣ በሳንሱሲ በኩል ያለው ሰማይ ግን ጥቁር ነበር፤ እዚያ ሲዘንብ ቆይቶ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ድምፅ ሰማሁ፤ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት። ከዚያ ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና ፌስታል ተሸክሞ መጣ። አልፈራሁም። ዳርቻውን ለማለፍ ገና አንድ ክንድ ያህል ይቀረዋል። ውኃው በላይ ካልፈሰሰ እኛ ጋ እንደማይደርስ አውቃለሁ።

ጠጠር የለቀምኩባት ትንሿ ጎድጓዳ እግሬ ሥር ነበረች። ዝቅ ብዬ ሳያት ውኃ አላት። ዝናብ የለም፤ ከላይ የገባ ነገር የለም። ውኃው ከሥር፣ በጠጠሮቹ መሃል፣ ብልቅ ብልቅ እያለ ይወጣል። ደግሞ እንደ ወንዙ ቡናማ አይደለም። ኩልል ያለ ነው። ጣቴን ብነክረው በጣም ቀዝቃዛ። ያኔ የጋሽ ሽኩርን ሰላጣ አየሁ፤ በመደቦቹ መሃል ውኃ ቆሞ ሰማዩን ያሳያል። ወደ ጉብታው ስዞር የኮባው ጫፍ ርሷል፤ ከራስጌ በኩል ያለው ትልቁ ድንጋይ ዘመም ብሏል።

እንዴት ዳገቱን እንደወጣሁ አላውቅም።

«እቴቴ! ውኃ! ጋሼ ወልዴ ጋ ውኃ ገባ!»

እጇ ባኞው ውስጥ እንዳለ ቀረች። «ምን አልሽ?»

«ከሥር ነው የመጣባቸው! እግራቸው ረጥቧል! ሊሰምጡ ነው!»

ለአፍታ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ እጇ አረፋ እንደሆነ፣ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ወረደች። ጋሽ ሽኩር አካፋ ይዘው አጥሩን ጥሰው መጡ። ድንጋዮቹን እያነሡ ወረወሩ።

«ቀስ በሉ! ያማቸዋል!» እያልኩ አለቅሳለሁ።

«ምን ትላለች ይቺ ልጅ?» አሉ ጋሽ ሽኩር እያለከለኩ።

እቴቴ ኮባውን ስትገልጠው ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ፤ በጣቶቼ መሃል ግን አየሁ። የኮመጠጠ ሽታ ከረጠበ ድንጋይ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። ነጭ፣ ድርቅ ያለ ሊጥ።

«ፊታቸውስ የት አለ?» አልኩ።

ጋሽ ሽኩር ሳቅ ሊያመልጣቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ የእቴቴን ፊት ሲያዩ መልሰው ዘጉት። እቴቴ በጉልበቷ እንደተንበረከከች ዞረችልኝ።

«ይሄ ቆጮ ነው፣ ሆዴ። ቆጮ ብቻ ነው። በኋላ እነግርሻለሁ። አሁን ሮጠሽ ሳፋ አምጪልኝ!»

ሳፋ አመጣሁ፣ ባልዲ አመጣሁ፣ የልብሱን ባኞ ደፍተን ተጠቀምንበት። እቴቴ በእጇ እየዘገነች ታወጣለች፣ ጋሽ ሽኩር ተሸክመው ወደ ላይ ያወጣሉ። የላይኛው ክፍል ደረቅ ነበር። እጇ ወደ ታች ሲወርድ ግን ሊጡ እየላላ፣ እየጠቆረ ሄደ፤ አሸዋና ጠጠር ገባበት። አንድ እፍኝ አንሥታ አሸተተችውና ወንዙ ውስጥ ጣለችው። ሁለተኛ እፍኝ አንሥታ አሸተተች። ሦስተኛውን አላሸተተችም። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም ብላ በሳፋ እየቀዳች ደፋችው። ውኃው በጉድጓዱ ውስጥ እየሞላ ተከተላት። ወንዙ እስከ መጨረሻው ድረስ ዳርቻውን አላለፈም። ያመጣው ሁሉ በሥር ነው።

ሲመሽ ውኃው እንደ አመጣጡ ተመልሶ ሄደ። ጠጠሩ ላይ ጭቃ እንኳ አልቀረም፤ ምንም እንዳልሆነ ነጭ ብሎ ደረቀ። ሦስታችን ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠናል። ጋሽ ሽኩር ነግሬሽ ነበር አላሉም። ሰላጣቸው ግማሹ ሄዷል፤ እሱንም አላነሡም።

«ከግማሽ በላይ ተርፏል» አሉ። «ለመስቀል ይበቃል።»

«አይበቃም» አለች እቴቴ።

«አሳስተሽ ጋግሪው። ዘመዶችሽ ሆዳሞች ከሆኑ ደግሞ ለየብቻ እነግራቸዋለሁ።»

ፈገግ አለች፤ በዚያ ክረምት የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነው። እሳቸው ሲሄዱ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ወልዴ እዚያ ውስጥ ያለ መስሎሽ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ከመጣሽ ጀምሮ?»

ነቀነቅሁ።

«ሸራውን ያለበስሽው ለእሱ ነው?»

ማልቀስ ጀመርኩ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት። እቴቴ ግን በጭቃማ እጇ እጄን ይዛ ወንዙን እያየች ቆየች።

«እኔስ ለምን የምቀመጥ መሰለሽ?» አለችኝ። «ቆጮ መጠበቅ አያስፈልገውም እኮ።»

መስቀል ሲመጣ የተረፈው ቆጮ በስሱ ተጋገረ። ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ነበር፤ አባቴ የቆጮውን ቁራሽ ከጎመንና ከአይብ ጋር ሲያድል ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው መዳፍ የምታህል ነች። ጋሽ ሽኩርም ተጠርተው መጡ። በአይብ ጎረሱና ረጅም ጊዜ አላመጡ። «ጠጠር ላይ እንሰት ያበቀለ ሰው እሱ ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ አንዲት ደቃቅ ጠጠር ከአፋቸው አውጥተው ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። ሁሉም ሳቀ። እቴቴም ሳቀች። ጠጠሯን ግን ሳህኑ ሲታጠብ አልጣለቻትም፤ መስኮቱ ላይ አየኋት።

ከዚያ በፊት የሆነ ነገር ደግሞ አለ። ጎርፉ ከመጣ ከሦስት ቀን በኋላ እቴቴ ጣሳዬንና አንድ ጀሪካን ውኃ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደችኝ። ዳገት ነው፤ ሁለት ጊዜ አረፍን። ጋሼ ወልዴ ያሉበት ቦታ ትንሽ መስቀል ተተክሎበታል፣ ሣር በቅሎበታል። መሬቱን አየሁ። ክብ ጠጠር።

«እቴቴ፣ እዚህም ጠጠር ነው! እንደዚያው ነው!»

«አይቻለሁ።»

«ውኃ ይገባል?»

ጀሪካኑን አስቀመጠች። «እኔም ጠይቄ ነበር» አለችኝ።

«መቼ?»

«የቀብሩ ቀን። ቆፋሪዎቹን ውኃ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሰው ሁሉ አበደች አለ። አባትሽ ራሱ ዝም በይ አለኝ።»

«ምን አሉሽ ታዲያ?»

«ምንም። ቆይቼ ብቻዬን መጣሁና አየሁት።»

ከመቃብሩ ግርጌ ጣቷን አስገብታ ትንሽ ጎድጓዳ ሠራች። ጣሳውን ሞልታ ሰጠችኝ። አፈሰስኩት። ቆጠርኩ። ዘጠኝ ስል ውኃው ገባ።

«ይጠጣል» አልኳት። አሁንም ፈርቻለሁ። የሚጠጣ መሬት እንደሚተፋ አይቻለሁ።

«አሁን ወንዙን ፈልጊልኝ» አለች።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አጥር፣ ዛፍ፣ የቆርቆሮ ጣራ። ትከሻዬን ይዛ ወደ ታች አዞረችኝ። በጣም ታች፣ ከጣራዎቹ ሁሉ ማዶ፣ አንድ ቀጭን የባሕር ዛፍ መስመር አለ። ወንዙ እሱ ውስጥ ነው፤ አይታይም።

«ጠጠር አንድ ዓይነት ነው» አለች። «ወንዝ አጠገቡ ካለ የሄደው ውኃ ይመለሳል። እዚህ ግን ሄዶ ይቀራል። እኔ ሞኝ ነኝ፤ ለወልዴ ይህን ያህል አስቤ ለቆጮው አላሰብኩም።»

ከዚያ መስቀሉን በመዳፏ ጠረገችና «በይ ወሬሽን ንገሪው፤ እዚህ ነው ያለው» አለችኝ። ፍየሏንና ሁለተኛ ክፍልን እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

ባለፈው እሑድ የባለቤቴ አርባ ካለፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ትልቋ ልጄ አብራኝ መጣች። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ፕላስቲክ ውኃ ይዤ ነበር። ከግርጌው ጎንበስ ብዬ በጣቴ ጠጠሩን ገለጥ አደረግሁና ቀስ ብዬ አፈሰስኩት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የአባቷ ቀብር ዕለት ፍርሃት ነበር።

እጄን አንሥቼ ጠብቂ አልኳት። አሥራ አንድ ስል መሬቱ ጠጥቶ ጨረሰ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጄ ደግፋ አነሣችኝ።

«አሁን ወንዙን ፈልጊልኝ» አልኳት።

«የትኛውን ወንዝ?»

«የትኛውንም። እዚህ አቅራቢያ ያለውን።»

አልሳቀችም፣ አልተከራከረችኝም። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አካባቢውን ቀስ ብላ ቃኘች፤ አጥሩን፣ መንገዱን፣ አዲሶቹን ፎቆች። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ክንዷን ዘርግታ ቁልቁል፣ እኔ ያለ መነጽር ወደማላየው ቦታ ጠቆመች።

«ያውና» አለች። «ግን በጣም ሩቅ ነው፣ እማዬ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ።